ከተራራው ማዶ የቀረ ዝናብ

«ፎን» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከታላቅ እህቴ ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ፀጉር ቤት ከፍታ ነበር፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስተዋት፣ አንድ ካስክ፣ ግድግዳው ላይ ከተመታ ምስማር የተንጠለጠለ አንድ ፎን። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ እርሷ የሴቶቹን እርጥብ ፀጉር በዚያ በሚያጓራ ሞቃት ነፋስ ታደርቃለች። መብራት የጠፋ ዕለት ፎኑ ጸጥ ይላል፤ ደንበኞቿም ፎጣ ጠምጥመው ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ያን ጊዜ እህቴ «ነፋሳችን ሄደ» ትል ነበር፤ ሴቶቹም ይስቃሉ።

ለቀልድ ያለችው ነገር እውነት ሆኖ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ እኔ ቀን ቀን በባንክ ቤት የሐዋላ መስኮት ተቀምጬ ከባሕር ማዶ የሚላክ ገንዘብ ስከፍል የምውል፣ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም ስሞነጫጭር የማመሽ ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ተራራ ነፋሳት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ለምን እንደጀመርኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። በዚያ ንባብ መካከል ነው የእህቴን ፎን ያገኘሁት። ፎን ለካ ነፋስ ኖሯል! በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን ከአልፕስ ተራሮች ቁልቁል የሚነፍስ ሞቃትና ደረቅ ነፋስ። ስሙም ሮማውያን ለዘብተኛውን የምዕራብ ነፋስ ይጠሩበት ከነበረው «ፋቮኒዩስ» ከሚለው የላቲን ቃል የወረደ ነው። ጀርመኖች ፀጉር የሚያደርቀውን መሣሪያ በነፋሱ ስም ጠሩት፤ ጣሊያኖችም «ፎን» አሉት። እንዲህ እያለ ከበረዶ ተራራ የተነሣ ቃል ሲንከባለል መጥቶ ከእህቴ ምስማር ላይ ተንጠለጠለ።

ይህ ነፋስ በአልፕስ ሸለቆዎች የሚወደድም የሚፈራም ነው። በክረምት መካከል ድንገት ይመጣና በረዶውን አቅልጦ የጸደይ ቀን ያስመስለዋል። ሙኒክ ከተማ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው «ፎኑ ነው» ብሎ ነፋሱን ይወቅሳል። ከሁሉ የከፋው ግን እሳት ነው። የእንጨት ቤቶችን፣ የሣር ክምሮችን፣ ዛፎችን አድርቆ ለአንዲት ፍንጣሪ ያዘጋጃቸዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1861 በስዊዘርላንድ የግላሩስ ከተማ በአንድ ሌሊት ፎን ያራገበው እሳት ወደ 600 የሚጠጉ ሕንፃዎችን በላ። በብዙ መንደሮችም ይህ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የእሳት ጠባቂዎች ሌሊቱን ሙሉ ይዞሩ ነበር፤ ምድጃ ማንደድም ሆነ ደጅ ላይ ትንባሆ ማጨስ ክልክል ነበር።

ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ? ከበረዶ ተራራ እንዴት ሙቀት ይወርዳል? በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩ አንዳንድ ሊቃውንት «ከሰሐራ ነው» አሉ፤ ያን ያህል ሞቃትና ደረቅ ነገር ከአፍሪካ በቀር ከወዴት ሊመጣ ይችላል ብለው። እ.ኤ.አ. በ1866 ዩልዩስ ሃን የተባለ ኦስትሪያዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ግን ሙቀቱ ከሩቅ አገር የመጣ ሳይሆን ነፋሱ ተራራውን ሲወጣና ሲወርድ ያገኘው መሆኑን አስረዳ። ሒሳቡ ለእኔ ለባንክ ሠራተኛው እንኳ የሚገባ ነው፤ እነሆ።

የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው እንደሚያውቀው አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ሲለቀቅና ሲሰፋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ተራራ የሚወጣ አየር ከላዩ ያለው ክብደት እየቀለለው ስለሚሄድ ይሰፋል፣ ይበርዳል፤ የሚወርድ አየር ይታመቃል፣ ይሞቃል። አሁን በአንድ ተራራ ግርጌ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ እርጥብ አየር አለ እንበል። የመጀመሪያውን 1,000 ሜትር ሲወጣ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዝና ደመና መሥራት ይጀምራል። በውስጡ የነበረው እንፋሎት ወደ ውኃነት ሲመለስ ሸሽጎት የኖረውን ሙቀት ይለቃል፤ ስለዚህ ከዚያ በላይ በየ1,000 ሜትሩ የሚቀዘቅዘው 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። 3,000 ሜትር ላይ ካለው ጫፍ ሲደርስ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሆኗል፤ ዝናቡንና በረዶውንም በመንገዱ አራግፏል። ከዚያ በወዲያኛው ፊት ይወርዳል። አሁን ደረቅ ነውና በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ እየሞቀ ይወርዳል። ከማዶው ግርጌ ሲደርስ 28 ዲግሪ ነው።

20 ዲግሪ ገብቶ 28 ዲግሪ ወጣ! የባንክ ሰው ነኝና ሒሳቡን ደጋግሜ አየሁት፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም። የስምንቱ ዲግሪ ገቢ በተራራው ማዶ ወጪ ሆኖ የተመዘገበው ዝናብ ነው። በወዲህ በኩል የቆመ ሰው ግን ይህን መዝገብ አያየውም። የሚያየው ጥርት ያለ ሰማይ፣ የሚሰማው ሞቃት ነፋስ ነው። ምናልባት ቀና ካለ በተራራው ጫፍ ላይ እንደ ግንብ የተገተረ ነጭ ደመና ያያል፤ በአልፕስ «የፎን ግድግዳ» ይሉታል። ዝናቡ ያለው ከዚያ ግድግዳ በስተኋላ ነው።

አሁን ወደ እህቴ ልመለስ። እታበባ እላታለሁ። በ1999 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷት ፀጉር ቤቷን ዘግታ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው በኦሮራ ከተማ ተቀመጠች። ብዙ ያገራችን ሰው ያለበት ከተማ ነው። ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ሆነ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት እርሷ በምትልከው ገንዘብ ነው። ቤታችን የታደሰው፣ እማዬ የታከመችው በዚያው ነው።

ከኦሮራ በስተምዕራብ የሮኪ ተራሮች ተደርድረዋል። በክረምት ከእነርሱ የሚወርደው ሞቃት ነፋስ እዚያ «ቺኑክ» ይባላል፤ ስሙ በኮሎምቢያ ወንዝ መውረጃ ይኖሩ ከነበሩት የቺኑክ ሕዝቦች የተወሰደ ነው። በቅጽል ስሙ «በረዶ በላ» ይሉታል። እህቴ በመጀመሪያው ክረምቷ ደውላ «ማሙሽ፣ ትናንት እስከ ቁርጭምጭሚቴ የነበረው በረዶ ዛሬ የለም! ውኃውም የለም! ነፋስ በላው ይሉኛል» ስትል የነበራት መደነቅ ዛሬም ይሰማኛል። እውነትም ነበር፤ ነፋሱ ከመድረቁ የተነሣ በረዶውን ከማቅለጥ አልፎ ይመጠዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 22 ቀን 1943 በደቡብ ዳኮታ ግዛት በምትገኘው በስፒርፊሽ ከተማ ይኸው ነፋስ ጠዋት ደርሶ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ከዜሮ በታች 20 ወደ 7 ዲግሪ አወጣው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ነፋሱ ሲያቆም በ27 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ወደነበረበት ብርድ ተመለሰ፤ የመስኮት መስተዋቶችም ተሰነጠቁ። ዛፎችም ይሳሳታሉ ይባላል። በቺኑክ ሙቀት ጸደይ የገባ መስሏቸው ሊያቆጠቁጡ ሲሉ ብርዱ ተመልሶ ያቃጥላቸዋል።

የእህቴም ስልክ እንዲሁ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ ቤቱን ያሞቀዋል፤ ይሄዳል። «ምን ጎደላችሁ? ምን ልላክ?» ትላለች። ስለ ራሷ ብንጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ነው መልሷ። እማዬ ስልኩን ከዘጋች በኋላ «ልጄ ተደላድላለች» ብላ ታመሰግናለች። እኔ ግን ከዓመት ወደ ዓመት በዚያ ድምፅ ውስጥ የሆነ ነገር እንደደረቀ ይሰማኝ ጀመር።

እማዬ ያረፈችው በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነው፤ የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ከሰው በለየበት ሰሞን። ድንኳን አልተከልንም፤ ለቀብሯም የቆምነው ጥቂቶች ነበርን። እታበባ ልትመጣ አልቻለችም። ስልክ ደውላ «ማሙሽ፣ በርታ» አለችኝ። «ሣጥኑ ጥሩ ይሁን። ለአስታማሚዎቿ የሚገባውን ስጥ። ገንዘቡን ነገ ታገኘዋለህ።» ድምፅዋ ሞቃት ነበር፤ ግን አልተሰበረም። እኔ እያለቀስኩ ነው የሰማኋት፤ እርሷ አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም። በማግስቱ ገንዘቡ መጣ። የሚስጥር ቁጥሩን ሳስገባ፣ በተቀመጥኩበት በዚያው መስኮት፣ የገዛ እናቴን የቀብር ወጪ ለራሴ ባልደረባ ሲቆጥርልኝ እጄን ዘርግቼ ስቀበል የተሰማኝ ቁጣ ነበር። ገንዘብ አልነበረም የፈለግሁት። አብራኝ እንድታለቅስ ነበር።

ያ ቁጣ ግጥም ሆነ። ረዘም ያለ ነበር፤ መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

ከማዶ የመጣው ነፋስ፥ ይሞቃል ግን ደረቅ ነው፤
እናት በሞተችበት ቤት፥ ጠብታ እንኳ አልነበረው።

በ2013 ዓ.ም. ሰው መሰብሰብ ሲጀምር በአንድ የግጥም ምሽት አነበብኩት። ከዚያ በፊት ካነበብኳቸው ሁሉ የበለጠ ተጨበጨበልኝ። በፌስቡክ ገጼ ላይም ለጠፍኩት። ስለ ማን እንደተጻፈ ማንም አላወቀም፤ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 21 ቀን 2014 ዓ.ም. የወሩ ማርያም ነበረች። እማዬ ትዘክራት የነበረችው ዕለት ስለሆነች ቡና አፍልቼ፣ ጧፍ አብርቼ አምሽቼ ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ታኅሣሥ 30 ቀን 2021 መሆኑ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። እታበባ ነበረች፤ እዚያ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ከስልኩ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ግን እንደ ድሮው ፎኗ ያጓራል።

በዚያን ቀን ከዴንቨር ሰሜን ምዕራብ፣ በቦልደር ወረዳ፣ ጠዋት ከአምስት ሰዓት በኋላ እሳት ተነሣ። ከተራሮቹ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ በየቦታው በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርር ነበር። ቀኑ እንደ ስፒርፊሽ ተአምር የሚሞቅ አልነበረም፤ ክፋቱ ያለው በነፋሱ ጉልበትና በምድሩ ድርቀት ነው። በጸደይ የጣለው ዝናብ ሣሩን አሳድጎት ነበር፤ ከዚያ ሰማዩ ዘጋ። በዴንቨር የክረምቱ የመጀመሪያ በረዶ የወረደው ታኅሣሥ 10 ቀን ነበር፤ መዝገብ መያዝ ከተጀመረ ወዲህ ያን ያህል የዘገየበት ጊዜ የለም። በሱፒሪየርና በሉዊስቪል ከተሞች እንዲሁም በአካባቢያቸው 1,084 መኖሪያ ቤቶች ወደሙ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ በረዶ ጣለ፤ የዘገየው በረዶ የወረደው በአመድ ላይ ነው።

እህቴ በዚያን ጊዜ የምትሠራው በሉዊስቪል አካባቢ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነበር። ጢሱ ሰማዩን ሲሞላ አረጋውያኑን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ፣ አንዳንዶቹንም ተሸክመው አወጧቸው። «አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አሮጊት አሉ» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን የምሠራላቸው እኔ ነኝ። ዛሬም አጥቤ በፎን እያደረቅሁላቸው ነበር ውጡ ሲሉን። ግማሹ እንደረጠበ ወጣን። ነፋሱ ደጅ ላይ ሲቀበለን ምን አሉኝ መሰለህ? ‹አየሽ፣ ይኼኛው ካንቺ ማድረቂያ ይፈጥናል›።»

ሳቀች። ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ። መኪናዋ ውስጥ ነበረች፤ ሰዎቹን ሁሉ መጠለያ አድርሳ ለብቻዋ ተቀምጣ። ነፋሱ መኪናውን ሲንጠው ይሰማኛል። እህቴ ስታለቅስ ስሰማ ከልጅነቴ ጀምሮ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ዝም አልኩ።

ከቆየች በኋላ «ይገርምሃል፣ ያለቀስኩት ሁሌም መኪና ውስጥ ነው» አለች። «የእማዬም ለታ። ሥራ ልገባ አርባ ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። መኪና ማቆሚያው ላይ ሆኜ እስኪበቃኝ አለቀስኩና ፊቴን በያዝኩት ውኃ ታጥቤ ላንተ ደወልኩ። አንተ እያለቀስክ እኔም ካለቀስኩ ማን ያጽናናሃል? ታላቅ ነኝ እኮ።»

ቀጥላም በዚያው ድምፅ «ግጥምህን አይቼዋለሁ። ቆንጆ ግጥም ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ወዳጆቼ፣ ስለ ነፋስ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። ተራ የማወቅ ጉጉት አልነበረም። ስለማላውቀው ነገር ጽፌ፣ ተጨብጭቦልኝ ነበርና ዕዳ ነበረብኝ። «ደረቅ ነፋስ» ብዬ የሰደብኩት ነገር ምን እንደሆነ፣ ድርቀቱንስ ከየት እንዳመጣው ማወቅ ነበረብኝ። ሳውቅም ያፈርኩበት ምክንያት የበለጠ ተገለጠልኝ። ያሞቀኝ ነገር ሁሉ ከማዶ ዝናብ ሆኖ የወረደ ነበር። የትምህርት ክፍያዬ፣ የእማዬ መድኃኒት፣ «በርታ» የሚለው ያልተሰበረ ድምፅ ሳይቀር። እኔ የቆምኩት በወዲህኛው ፊት ስለሆነ ሰማዩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነበር።

ነገሩን አጋነህ አትበሉኝ። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ራሳቸው ከሃን በኋላ ያከሉት ነገር አለ፦ ከተራራ የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ሁሉ ከማዶ ያዘነበ አይደለም። አንዳንዴ ከላይ ያለ፣ ቀድሞም ደረቅ የነበረ አየር በቀጥታ ይወርድና በመውረዱ ብቻ ይሞቃል። የካሊፎርኒያው ሳንታ አና ነፋስ እንዲህ ያለ ነው። ከደረቁ ከፍተኛ ምድረ በዳ ይነሣል፤ በመንገዱ የሚያራግፈው ዝናብ የለውም። እ.ኤ.አ. በጥር 7 ቀን 2025፣ እኛ ገናን ባከበርንበት በ2017 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የተነሡትን ሁለት ታላላቅ እሳቶች ያራገበው እርሱ ነው፤ በሁለቱ ብቻ ከ16,000 በላይ ሕንፃዎች ወድመዋል። እንግዲህ ደረቅ ፊት ያለው ሰው ሁሉ በስውር ያለቅሳል ብዬ አልምልም። ከመጀመሪያውም እርጥበት ያልነበረው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ከወዲህ ሆኖ፣ ነፋሱ ፊት ላይ ሲያርፍ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ለመለየት ተራራውን መሻገር፣ ቢያንስ ቀና ብሎ በጫፉ ላይ ደመና መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። እኔ ቀና አላልኩም ነበር።

በሐዋላው መስኮት ዛሬም ተቀምጫለሁ። ገንዘብ ለመቀበል ከሚመጡት መካከል «ድምፅዋ ደህና ነው፤ ተመችቷታል፤ ረስታናለች» የሚሉኝ አሉ። አንዳንዴ «እናትዬ፣ ስትደውል የት ሆና እንደምትደውል ጠይቀዋት ያውቃሉ?» እላቸዋለሁ። ግር ይላቸዋል፤ ብራቸውን ቆጥረው ይሄዳሉ። ከዚህ ያለፈ ምክር መስጠት የባንክ ሠራተኛ ሥራ አይደለም።

ግጥሙን አላጠፋሁትም። ማጥፋት በሐሰት የተመዘገበን ሒሳብ ገጹን ቀዶ እንደመጣል ሆኖ ታየኝ፤ ማረም ይሻላል። የቀድሞው ግጥም ከሁለቱ የመጀመሪያ ስንኞች በቀር ወደቀ፤ አራት አዳዲስ ስንኞችም ጨምሬ ለእታበባ ላክሁላት። በድምፅ መልእክት መለሰችልኝ፦ «አሁን አምሯል ማሙሽ። ጫፉን ብቻ ትንሽ ከርከም አድርገው።» የፀጉር ሠሪ ዓይን አይሳሳትምና ከጨመርኳቸው ሁለቱን ከረከምኳቸው። የቀረው ይህ ነው፦

ከማዶ የመጣው ነፋስ፥ ይሞቃል ግን ደረቅ ነው፤
እናት በሞተችበት ቤት፥ ጠብታ እንኳ አልነበረው፤
ይህን ያልኩት ከወዲህ ነው፥ ከተራራው ተከልዬ፤
ዝናቡ ከወዲያ ሲወርድ፥ ሙቀቱን ብቻ ተቀብዬ።